ርካሽ የቀለም ብዕር ለሰብሳቢ ይጠቅማልን?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

በትምህርት ቤታችን ቴምብር የሚሰበስቡ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡም አሉ። የቀለም ብዕር፥ ማለት በእንግሊዝኛ ፋውንቴን ፔን የሚባለውን፥ ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚጽፈውን ብዕር የምንሰበስብ ግን ሦስት ብቻ ነን። ከሦስታችን አንዱ ባለፈው ዓመት «ገንዘባችሁን በርካሽ ብዕር ላይ ከምታጠፉ አጠራቅማችሁ አንድ ደኅና ባለ ወርቅ ጫፍ ብዕር ግዙ፤ ርካሽ ብዕር የሰበሰበ ሰው ክምር እንጂ ስብስብ የለውም» ብሎ አጥብቆ ስለ ተከራከረን፥ ነገሩን በታሪክ መርምሬ መልስ ለመስጠት ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የተማሪ ገንዘብ ጥቂት ነውና ጥያቄው ለኛ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ የምለምነው፥ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ነው።

በመጀመሪያ ብዕር ውድ ወይም ርካሽ የሚሆነው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የብራና ጸሐፊዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጽፉበት ብዕር መቃ ነው። ብዕር የምንለው ቃል ራሱ ከግዕዙ ብርዕ የመጣ ሲሆን፥ ብርዕ ማለትም መቃ፥ አገዳ ማለት ነው። ጸሐፊው መቃውን በካራ ቀርጾ፥ ጫፉን ሰንጥቆ፥ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም እየጠቀሰ ይጽፍበታል። መቃ ከወንዝ ዳር የሚቈረጥ ስለ ሆነ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የለውም። ብራናው በየገዳማቱ በጥንቃቄ ሲጠበቅ፥ አያሌውም እስከ ለንደንና እስከ ፓሪስ ድረስ ተወስዶ በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ፥ የጻፈው መቃ ግን እየተቀረጸ አጥሮ ሲያልቅ ይጣላል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን መጽሐፍ ማየት ይቻላል፤ መጽሐፉ የተጻፈበትን መቃ አሳዩኝ የሚል ሰው ግን ማን ያሳየዋል?

በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሚጻፈው በዝይ ላባ ነበር። ይህን ልማድ የለወጠችው በኢንግሊዝ አገር የምትገኘው የበርሚንግሃም ከተማ ናት። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ዓመታት ጆን ሚቼል፥ ጆሴፍ ጊሎትና ጆሳያ ሜሰን የተባሉ ሰዎች የብረቱን የብዕር ጫፍ በእጅ ከመቀጥቀጥ ይልቅ በመጫኛ መሣሪያ እየቈረጡና እያጐበጡ መሥራት ጀመሩ። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ አንዱ በሺልንግ ይሸጥ የነበረው የብረት ጫፍ፥ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ 144ቱ በአንድ ሣጥን ተደርጎ በጥቂት ፔንስ የሚገዛ ሆነ። ሜሰን በልጅነቱ በየመንገዱ ኬክ እያዞረ የሸጠ የድኻ ልጅ ነበር። በዚህ ሥራ ባለጸጋ ከሆነ በኋላ ግን በስሙ የሳይንስ ኮሌጅ አሠራ፤ ኮሌጁም በ1880 ተከፍቶ፥ በ1900 ለተቋቋመው ለበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ። በሣንቲም የተሸጠ የብዕር ጫፍ ዩኒቨርሲቲ ሠራ ብንል ከእውነት አንርቅም።

እየነከሩ ከመጻፍ የሚያድን፥ ቀለሙን በውስጡ የሚይዝ ብዕር ለመሥራትም ብዙ ሰዎች ሞክረዋል። ለምሳሌ ፔትራቼ ፖዬናሩ የተባለ ሩማንያዊ በፓሪስ ተማሪ ሳለ በ1827 ከፈረንሳይ መንግሥት የፈጠራ መብት ተቀብሏል። የእነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነበር፤ ቀለሙ ወይ አልወርድም ይላል፥ ወይም በአንድ ጊዜ ይፈስና ወረቀቱን ያበላሻል። ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን በ1884 በኒው ዮርክ የፈጠራ መብት ያወጣበት ብዕር ይህን ችግር ያቃለለው ከጫፉ ሥር በተሰካች በአንዲት ቦይ ነው። በቦይዋ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ፤ ቀለሙ በስንጥቆቹ እየተሳበ ወደ ጫፉ ሲወርድ፥ በዚያው መጠን አየር ወደ ውስጥ እየገባ የቀለሙን ቦታ ይተካል። ዋተርማን የመድን ሻጭ ሳለ ቀለም ፈስሶ ታላቅ ውል ስላበላሸበት ተናዶ ብዕሩን ፈጠረ የሚለው ወሬ በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ ነገር ግን ወሬው በኩባንያው ማስታወቂያ የወጣው ሰውየው በ1901 ከሞተ በኋላ ስለ ሆነ እኔ አልቀበለውም። ለኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ቦይዋ ከወርቅ አትሠራም። ቀድሞ ከጠንካራ ጎማ ትሠራ ነበር፥ ዛሬ በአብዛኛው ከፕላስቲክ ትሠራለች፤ በውዱም በርካሹም ብዕር ውስጥ ሥራዋ ያው ነው።

ታዲያ ወርቅ ለምን ተፈለገ? ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የዚያ ዘመን ቀለም አሲድ ስለ ነበረበት ተራውን ብረት ቶሎ ይበላዋል። እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር ይህ ከባድ ችግር አይደለም፤ ጫፉ ሲበላ ሌላ ይሰካበታል። ቀለሙ ሌት ተቀን በውስጡ ለሚያድር ብዕር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወርቅን አሲዱ አይነካውም። ዳሩ ግን ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ በወረቀት ላይ ሲታሽ ያልቃል፤ ስለዚህ ጆን አይዛክ ሆኪንስ በ1834 የወርቁን ጫፍ መጨረሻ፥ ኢሪዲየምና ኦስሚየም ከተባሉት ማዕድናት በተገኘች እጅግ ጠጣር ፍሬ አጠናከረው። እንግዲህ ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ አይደለም፥ ያች ጠጣር ፍሬ ናት። በ20ኛው መቶ ዓመት የማይዝግ ብረት ከተገኘ በኋላ፥ ፍሬዪቱ በብረትም ላይ ልትበየድ ስለምትችል፥ ወርቅ የግድ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የወርቅ ጫፍ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለእጅ ልስላሴ፥ ለክብርና ለስም ነው። ይህን ስል አልነቅፍም፤ ልስላሴው እውነተኛ ነገር ነው። ነገር ግን ያለ ወርቅ አይጻፍም የሚል ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ይኖራል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር አድርጌ የምቈጥረው ኤስተርብሩክ የተባለውን የአሜሪካ ብዕር ነው። ሪቻርድ ኤስተርብሩክ ከኢንግሊዝ አገር ወደ አሜሪካ ሄዶ በ1858 የብረት ጫፍ ሥራ አቋቋመ፤ ፋብሪካውም በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ ነበር። ኩባንያው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየነከሩ የሚጽፉበትን ጫፍ ሲሠራ ኖሮ፥ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቀለም ብዕር ለአሜሪካ ገበያ አወጣ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለ ነበር ሥራ ፈቱ ብዙ፥ ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ፓርከር የተባለው ኩባንያ በ1921 ያወጣው ዝነኛው ዱኦፎልድ 7 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ የኤስተርብሩክ ዋጋ ግን አንድ ዶላር ስለ ነበረ ስሙ «የዶላር ብዕር» ተባለ።

የኤስተርብሩክ ብልኀት ግን በዋጋው ብቻ አይደለም። ጫፉ ከነቦዩ እንደ ብሎን በእጅ ተፈትሎ ይወጣል፥ ሌላውም ተፈትሎ ይገባል። ስለዚህ ጫፉ የተጣመመበት ሰው አዲስ ብዕር አይገዛም፤ በጥቂት ሣንቲም ጫፉን ብቻ ይለውጣል። የጫፎቹ ዓይነት ሠላሳ ያህል ሲሆን እያንዳንዱ ቍጥር ነበረው። 1550 እጅግ ቀጭን የሚጽፍ፥ ለሒሳብ መዝገብ ያዦች የተሠራ ነው። 1555 ስቴኖግራፊ የሚባለውን ፈጣን ጽሕፈት ለሚጽፉ ጸሐፊዎች ነበር። 2668 ለማንኛውም ጽሕፈት የሚሆን መካከለኛ ነው። በ1 እና በ2 የሚጀምሩት ርካሾቹ ጫፎች ጠጣር ፍሬ የላቸውም፤ የብረቱ መጨረሻ ራሱ ታጥፎ ለወረቀት እንዲመች ተደርጓል፤ ስለዚህ ብዙ ከተጻፈባቸው ያልቃሉ። በ9 የሚጀምሩት ግን ፍሬ ያላቸው የተሻሉ ጫፎች ናቸው።

ይህን የቍጥር ነገር ያራዘምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አሮጌ ባለ ወርቅ ጫፍ ብዕር በእጃችን ብንይዝ ባለቤቱ ገንዘብ እንደ ነበረው ይነግረናል፥ ከዚያ በቀር ብዙ አይናገርም። አንድ አሮጌ ኤስተርብሩክ ላይ 1550 የሚል ቍጥር ብናገኝ ግን፥ ባለቤቱ ምናልባት በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ጠባብ መስመር ውስጥ ቍጥር ሲሞላ የኖረ ሰው እንደ ነበረ እንገምታለን። የታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይፈልጋል? ነገሥታትና የጦር አለቆች የፈረሙባቸው ብዕሮች በየቤተ መዘክሩ አሉ፤ ጄኔራል ማክአርተር መስከረም 2 ቀን 1945 የጃፓንን እጅ መስጠት ሲቀበሉ ከፈረሙባቸው ብዕሮች አንዱ የሚስታቸው ፓርከር ዱኦፎልድ እንደ ነበረ እንኳ ታውቆ ተጽፏል። የሒሳብ መዝገብ ያዡን ብዕር የሚያስታውስ ግን ሰብሳቢ ካልሆነ ማንም የለም። ኤስተርብሩክ በ1967 ቬነስ ከተባለው የእርሳስ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ፥ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሥራው ቀረ። ስሙን ግን በቅርብ ዓመታት ሌሎች ሰዎች አስነሥተውት፥ ያ የዶላር ብዕር ስም ዛሬ ከመቶ ዶላር በላይ በሚሸጥ ብዕር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የሰማ ጓደኛዬ ስቋል፤ እኔ ግን ብዙም አላሳቀኝም።

ሁለተኛው ምስክሬ የጀርመን ብዕር ነው። የጀርመን መንግሥት በ1938 ወርቅ ለራሱ ለማስቀረት ሲል በአገር ውስጥ በሚሸጥ ብዕር ላይ የወርቅ ጫፍ እንዳይደረግ ከለከለ። በሃኖቨር የነበረው የፔሊካን ኩባንያ፥ የመጀመሪያውን የቀለም ብዕሩን በ1929 ያወጣው፥ በመጀመሪያ ፓላዲየም በተባለ ማዕድን፥ ከዚያም ክሮምና ኒኬል በተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት ጫፍ መሥራት ጀመረ። ይህ እንግዲህ ከችግር የተነሣ ርካሽ የሆነ ብዕር ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አያሌ ባለቤቶች የብረቱን ጫፍ አውጥተው ጥለው ወርቅ አስገቡበት፤ ለጽሕፈት መልካም አደረጉ ይሆናል፥ ለታሪክ ግን ምስክሩን አጠፉ። አሁን የዚያን ዘመን ብዕር ከነብረት ጫፉ ያገኘ ሰብሳቢ ወርቅ ስለሌለው አያዝንም፥ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ይሁን እንጂ ርካሽ የሆነው ሁሉ አንድ አይደለም። ፓርከር በ1941 ፓርከር 51 የተባለውን ብዕር በ12 ዶላር ከ50 ሣንቲም አወጣ፤ ጫፉ ቀለሙ እንዳይደርቅ ከሞላ ጎደል የተሸፈነ፥ ገላውም ሉሳይት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። በ1948 ደግሞ ለተማሪዎችና ለመካከለኛ ኑሮ ሰዎች ብሎ ፓርከር 21 የተባለውን በ5 ዶላር አወጣ። በሩቅ ሲያዩት ታላቅ ወንድሙን ይመስላል። ጫፉ ብረት ነው፥ በጽሕፈቱም የሚታማ አይደለም። ነገር ግን የገላው ፕላስቲክ ከሉሳይት የረከሰ ስለ ነበር እያደር ተሰባሪ ሆነ፤ ዛሬ የሚገኙት አያሌዎቹ አንገታቸው የተሰነጠቀ ነው። እዚህ ላይ ነው ገዢ ልብ ማድረግ ያለበት። ርካሽነቱ የመጣው ወርቅ በመቅረቱ ከሆነ ብዙ የሚጐዳ ነገር የለም፤ የመጣው ገላውን በማሳነስ ከሆነ ግን ብዕሩ ሳያረጅ ይሞታል። ስለዚህ ርካሽ ብዕር የሚመርጥ ሰው ጫፉን ከማየቱ አስቀድሞ አንገቱንና የክዳኑን አፍ በብርሃን አዙሮ ይመልከት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ይተወው።

የጐማ ከረጢት ያላቸው አሮጌ ብዕሮች ቀለም ካልያዙ ግን አያስፈራም። ከረጢቱ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ አውጥቶ በሼላክ ሙጫ አዲስ ማጣበቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፥ ትንሽ ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ከወተት ከሚገኘው ከኬዚን የተሠሩትን የኢንግሊዝ ብዕሮች ግን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም፤ ያብጣሉ፥ ይጣመማሉም። ከጠንካራ ጎማ የተሠሩትንም ፀሐይና ውኃ መልካቸውን ያጠፋዋል።

የቀለም ብዕርን ከተማሪ እጅ ያወጣው እስክሪብቶ ነው። ማርሴል ቢክ የተባለው ፈረንሳዊ በታኅሣሥ 1950 ርካሹን እስክሪብቶ ለገበያ አቀረበ፤ በ1965ም የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎች በእስክሪብቶ እንዲጽፉ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የቀለም ብዕር ፋብሪካዎች በሁለት መንገድ ሄዱ። አንዳንዶቹ ብዕሩን የሀብታም ጌጥ አድርገው ዋጋውን ከፍ አደረጉት። ሌሎቹ ተማሪውን አልተዉትም፤ ፔሊካን በ1960 ፔሊካኖ የተባለውን የተማሪ ብዕር፥ የሃይደልበርጉ ላሚ በ1980 ሳፋሪ የተባለውን የፕላስቲክ ብዕር፥ የጃፓኑ ፕላቲነም በ2007 ፕሬፒ የተባለውን አወጡ። ፕሬፒ ሲወጣ ዋጋው 200 የን ነበር። በክዳኑ ውስጥ በሽቦ ጥቅል የምትገፋ ሁለተኛ ክዳን አለች፤ እርስዋም ብዕሩ ሳይነካ ለብዙ ወራት ቢቀመጥ እንኳ ቀለሙ እንዳይደርቅ ታደርጋለች። ይህን ያህል ዋጋ የሌለው ዕቃ ይህን ያህል ታስቦበት ሲሠራ ማየት እኔን እጅግ ያስደንቀኛል። ከስብስቤ ውስጥ አንድ አለኝ፤ ለክፍል ማስታወሻ የምጽፈውም በእርሱ ወንድም ነው።

ስለ ቻይና ብዕሮች ደግሞ ሰዎች ሲናገሩ አንድ ነገር ከሌላው ይቀላቅላሉ። በሻንጋይ በ1931 የተቋቋመው፥ በ1966 ሄሮ የተባለው ፋብሪካ የፓርከር 51ን መልክ የሚመስሉ አያሌ ብዕሮች ሠርቷል። መልኩ ቢመስልም በብዕሩ ላይ የተጻፈው የራሱ ስም ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ብዕር እንጂ የሐሰት ብዕር አይባልም፥ ብዙ ሰውም የጻፈበት ስለ ሆነ የራሱ ታሪክ አለው። የሐሰት ብዕር ማለት የሌላውን ስም በላዩ አትሞ የሚሸጠው ነው። እኔም ከአንድ ሱቅ ታላቅ ስም የተጻፈበት ብዕር በጥቂት ብር ሲሸጥ አይቼ ክዳኑን ብከፍተው፥ በጫፉ ላይ ያለው ጽሑፍ በክዳኑ ካለው ጋር አልስማማ ስላለ መልሼ ሰጥቻለሁ። እንዲህ ያለው በነጻ ቢሰጥ እንኳ ለስብስብ አይሆንም፤ የሚመሰክረው ስለ ጽሕፈት ሳይሆን ስለ ማታለል ነው።

ወደ ጓደኛዬ ነገር ልመለስ። በአንድ ነገር እውነቱን ነው፤ ርካሽ ብዕር ገዝቶ አስቀምጦ በኋላ አተርፋለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ይቅርበት፥ አብዛኛው የገዛበትን ያህል እንኳ አያወጣም። በዋጋው ማነስ ብቻ ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስም በእርግጥ ክምር እንጂ ስብስብ የለውም። ነገር ግን አሥር ባለ ወርቅ ብዕር ገዝቶ የት እንደ ተሠሩ፥ ማን እንደ ጻፈባቸው የማያውቅ ሰውም ያለው ክምር ነው፤ ክምሩ ውድ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። ብዕርን በመግዛት ብቻ ማንም ሰብሳቢ አይሆንም። እኔ ለእያንዳንዱ ብዕር በትንሽ ወረቀት ላይ የተሠራበትን አገርና ዘመን፥ የገዛሁበትን ዋጋና ቀን፥ ከታወቀም ቀድሞ የማን እንደ ነበረ እጽፋለሁ፤ ወረቀቱንም ጠቅልዬ ከብዕሩ ጋር አስቀምጣለሁ።

ጓደኛዬም ቢሆን አሁን አንድ ሳፋሪ ገዝቷል፤ ለመጻፊያ እንጂ ለስብስብ አይደለም ይላል። የዋጋውን ወረቀት ሊልጥ ሲል ያዝሁት። ሳይጻፍባቸው የቈዩ፥ የፋብሪካው የዋጋ ወረቀት ያልተላጠላቸው አሮጌ ብዕሮች በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሌሎቹ አብልጠው ይፈለጋሉ፤ ይህም የሆነው በጊዜው የገዛቸው ሁሉ ወረቀቱን ልጦ ስለ ጣለው ነው።